አንድ ሰው ቀርቷል

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አልችልም፤ ምላሴ እንደተቃጠለ ነው ያደግኩት። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለዚህ ታሪኬ ስለማይገባችሁ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ አይደለም፣ የአባቴ ነው። የልጅነቴን እኩሌታ እሱ ሰው ሲጠብቅ እኔ እሱን ስጠብቅ ጨርሼዋለሁ።

አባቴ ሰይድ የመካነ ሰላም ሾፌር ነበር። ኤንትሬ የምንላትን አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ ከመካነ ሰላም ደሴ ሲመላለስ ነው ያረጀው። ሲወጣ እህል ይጭናል፤ ሲመለስ ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ። ከጭነቱ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ። ሚኒባስ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ፣ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የምታወጣ ልጅ፣ ሁሉም የሚሳፈረው ከእሱ መኪና ላይ ነው። በሽተኛ ከመጣ ጋቢናው የበሽተኛው ነው፤ እኔ ልጁ ወርጄ ካሶኒው ላይ ከጆንያ ጋር እቀመጣለሁ።

አንድ ክፉ አመል ነበረበት። ሰው ተሳፍሮ፣ ሞተር ተነሥቶ፣ ረዳቱ "ሳበው!" ካለ በኋላ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ገበያው መንገድ ያያል። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል።

"ቆዩ፣ አንድ ሰው ቀርቷል" ይላል።

ተሳፋሪው ይጮሃል፣ ይራገማል፣ አንዳንዱ ወርዶ ሌላ መኪና ይፈልጋል። እሱ ፍንክች የለም። ትናንት "ነገ እሄዳለሁ" ያለችው አንዲት ባልቴት ዶሮዋን ታቅፋ እያለከለከች እስክትደርስ ይጠብቃል። "እጠብቅሻለሁ ብያታለሁ'ኮ፣ ምን ላድርግ" ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ከተማው "ሰይድ ቆዩ" ብሎ ስም አወጣለት። እኔም ትምህርት ቤት ዘሐራ የሚለኝ አልነበረም፤ "የቆዩ ልጅ" ነበርኩ። እንዴት እንደማፍርበት አትጠይቁኝ።

አድጌ እኔም እንደ አገሬ ልጆች ጅዳ ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ እናቴ ሞተች። አልነገሩኝም። ስደውል "እማየን አገናኙኝ" እላለሁ፤ አባቴ "ገበያ ወጥታለች" ይለኛል። በሌላ ቀን "ለቅሶ ሄዳለች"። በሌላ ቀን "ተኝታለች፣ አልቀስቅሳት"። ስንት ወር እንዲህ እንዳለኝ አልቆጥርላችሁም። ለእናቴ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ ስመለስ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ፤ መርዶውን ያን ጊዜ ነገሩኝ።

ሐዘኑ ትንሽ በረድ ሲል አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። "በሰው አገር ብቻሽን እንዳታለቅሽ ብየ ነው" አለኝ። "አፉ በይኝ፣ ልጄ።"

አፉ እኛ አገር ይቅርታ ማለት ነው። ብርድ ልብሱን እያጣጠፍኩ ነበር፤ አጣጥፌ ጨረስኩና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። መልስ አልሰጠሁትም።

ከዚያ ደሴ የልብስ ስፌት ቤት ከፈትኩ። አባቴ መኪናውን አቁሞ ቤት ዋለ። ለኢድ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፣ እንሳሳቃለን፣ ጋቢ እወስድለታለሁ፣ እሱም ማር ያሲዘኛል። በልቤ ይቅር ካልኩት በጣም ቆይቷል። በቃል ግን አላልኩትም። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። በመካከላችን ያልተዘጋ ነገር እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን በእያንዳንዱ ኢድ የሚቀጥለው ኢድ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት፣ ሱቄን ልከፍት ስል ታላቅ ወንድሜ ሙሄ ደወለ።

"ዘሐራ፣ አባየን ትንሽ አሞታልና ብትመጪ…"

"ትንሽ አሞታል" በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

"ሙሄ" አልኩት፣ "እንደ እማየ እንዳታደርገኝ። ወላሂ እንዳታደርገኝ።"

ሲያለቅስ ሰማሁት። "ሱብሂን ሰግዶ እዚያው መስገጃው ላይ ጋደም አለ። አልተነሣም" አለኝ።

"ጠብቁኝ።"

"ጀናዛ'ኮ ነው፣ ዘሐራ። ከዙህር ወዲያ ማን ያቆየዋል? መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው።"

"ጠብቁኝ አልኩህ!"

"ማታ ስላንቺ ሲያወራ ነበር" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "'ዘሐራ አፉ ሳትለኝ ልሄድ ነው እንዴ' አለኝ። የምን አፉ ነው ብለው መልስ አልሰጠኝም። ምንድን ነው እሱ?"

ስልኩ ተቋረጠ።

እኛ ዘንድ ሙስሊም ሲሞት ሬሳው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሳይውል ይቀበራል፤ ማቆየት ነውር ነው። ከመነሣቱ በፊት ሸሁ ጀናዛው አጠገብ ቆመው "ይህ ወንድማችሁ ሐቃችሁ ካለበት አፉ በሉት" ይላሉ፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "አፉ ብለናል" ይላል። በቃ፣ ጉዞ ወደ መቃብር ነው። ሴት ደግሞ መቃብር አትወርድም። ስለዚህ ጀናዛው ከመነሣቱ በፊት ካልደረስኩ፣ አባቴ የለመነኝን ቃል ከእኔ ሳይሰማ ሊሄድ ነው። ሕዝቡ ሁሉ "አፉ" ቢለው የእኔን ማን ይልልኛል?

የደሴ መናኸሪያ ስደርስ የመካነ ሰላሙ ሚኒባስ ገና ግማሽ ነው። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው፤ ካልሞላ አልነሣም አለ። የሰይድ ቆዩ ልጅ አንድ ሾፌር ሰው እንዳይጠብቅ ደጅ ስትጠና አስቡት። "አባቴ ሞቶብኝ ነው" አልኩት። ፊቴን አየና ሞተሩን አስነሣ።

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ በእንፉቅቅ ይነዳል። አቀስታ ስንደርስ ረፍዶ ነበር፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ አንዱ ጆንያ ልጫን ብሎ ተከራከረ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ጋ እደውላለሁ፤ ኔትዎርክ የለም። ያን ጊዜ ስልክ የሚሠራው ከተማ ውስጥ ነው፤ ከከተማ ትንሽ ከወጣችሁ በእጃችሁ የያዛችሁት እንደ ድንጋይ ነው።

ከአቀስታ ወጣ እንዳልን አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። ወረድን። ወንዶቹ ድንጋይ ተሸከሙ፣ ጎማው ሥር ጎዘጎዙ፣ ገፉ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገፋሁ። መኪናው ይንቀሳቀስና ተመልሶ ይሰምጣል። እንዲህ ስንል ከጉሙ ውስጥ፣ ከየት እንደሆነ ከማይታይ መስጊድ፣ የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ተሰማ።

እጄን ከመኪናው ላይ አነሣሁ። አሁን አጥበውታል አልኩ። ከፍነውታል። አሁን የመስጊዳችን ሸህ፣ ሸህ ኑሩ፣ ሕዝቡን አፉ በሉት እያሉት ነው። አሁን እየተነሣ ነው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "ሶብሪ እቴ፣ አላህ ያውቃል" አለችኝ። ሶብሪ፣ ታገሺ፣ ስትለኝ የበለጠ አለቀስኩ፤ ሶብር የሌለኝ ሰው መሆኔን አታውቅም።

መኪናው ወጣ። መንገዱ ተከፈተ። ሾፌሩ ፈጠን አለ፤ እኔ ግን ወዴት እንደምቸኩል አላውቅም ነበር። መካነ ሰላም ልትታይ ስትል ስልኬ ሠራ። ሙሄ አያነሣም። ጋሽ አበበ ጋ ደወልኩ። ጋሽ አበበ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ሻይ ቤት አብረው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲያዩ ነው የሚውሉት። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞቶ፣ አስከሬኑ አዳራሽ ተቀምጦ ሕዝብ ተሰልፎ ሲሰናበተው በቴሌቪዥን አዩ። ጋሽ አበበ "ሰይድ፣ አንተንም እንዲህ ነው የምናደርግህ" ሲሉት አባቴ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። "በሕይወቴ ያስጠበቅኩት ሰው አልበቃ ብሎ ሞቼም ሰልፍ ላስይዝ?" አለ።

ጋሽ አበበ ስልኩን አነሡት። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ አለ።

"የት ደረስሽ?" አሉ።

"ተቀበረ?"

"መናኸሪያ ነው ያለው! ሕዝቡ እየተሰናበተው ነው! ነይ ብቻ!"

መናኸሪያ? ደስታና ንዴት አንድ ላይ ያዙኝ። ሽማግሌው ያቺን የቴሌቪዥን ወሬያቸውን በአባቴ ላይ ፈጸሟት ማለት ነው። አባቴን ሜዳ ላይ አስጥተውት ሰው ያዩታል? ግን አለ። አልተነሣም። ሾፌሩን "ፍጠን!" አልኩት፤ እሱም የሰማ ይመስለኛል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን የነካ አይመስለኝም።

መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ካፊያ ነበር። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ የገበያውን መንገድ ይዟል። ጃንጥላ የያዘ፣ ጋቢ የተከናነበ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ ሥራ ያቆመ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ማተብ ያሰረች፣ ሒጃብ የለበሰች። የአባቴ ኤንትሬ ሁልጊዜ ትቆምበት የነበረው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥመው ቃሬዛውን አስቀምጠውታል። ተከፍኗል፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ማንም ፊቱን አያይም። ራስጌው ላይ ሸህ ኑሩ ዱካ በምንላት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው አንድ በአንድ ቀርቦ ጎንበስ ይላል።

ገፍቼ ስገባ የሚሉትን ሰማሁ።

አንድ ጎልማሳ፣ "ሰይድ፣ ረዳትህ ሳለሁ የመኪና ማንሻ ክሪኩን ረሳህ ብለህ ሰድበኸኛል። አፉ ብየሃለሁ። እኔም ክሪኩን በእርግጥ ረስቼው ነበር፣ አፉ በለኝ" አለ።

ቀጥላ የቆመች ባልቴት፣ "ሰይዶ፣ ዶሮዬ ከመኪናህ ወድቃ ሞታብኛለች። እግዜር ይፍታህ፣ እኔም ፈትቼሃለሁ" አለች።

ሰዉ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

አንድ ሰው "መጣች!" አለ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ፤ ጫማዬን ሚኒባሱ ውስጥ ረስቼዋለሁ። መሮጥ ጀመርኩ። ሸህ ኑሩ ከዱካቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ" አሉኝ። "አለልሽ።"

ሙሄ መጣና የከፈኑን ጫፍ ከፊቱ ላይ ፈታልኝ። ጢሙ ገና እርጥብ ነው። ጀናዛ የሚቀባውን ካፉር ካፉር ይሸታል። ግንባሩ ላይ ያለችው የስግደት ምልክት እንደ ድሮዋ ናት። የተኛ ነው የሚመስለው ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ የሞተ ነው የሚመስለው። ግን አባቴ ነው።

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

"አፉ ብየሃለሁ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ጮክ በይ" አሉ ሸህ ኑሩ በለሆሳስ። "ሰው ይስማ። ምስክር ይሆንለታል።"

"አፉ ብየሃለሁ፣ አባየ" አልኩ። "ዛሬ አይደለም፤ ድሮ ነው ያልኩህ። አልነገርኩህም እንጂ ድሮ ነው። አንተም ዝም ስላልኩህ አፉ በለኝ።"

ግንባሩን ሳምኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ሙሄ ፊቱን መልሶ ሸፈነው። ሸህ ኑሩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"አሁን የቀረ ሰው የለም" አሉ። "አንሡት።"

ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሡት። ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበሉት በበሩ ወጣ፤ ሙስሊሙ ይሸከማል፣ ለክርስቲያኑ ያቀብላል፣ ክርስቲያኑ ተራውን ይሸከማል። እኛ ሴቶቹ በሩ ላይ ቀረን። ያመጣኝ ጎረምሳ ሾፌር ክላክሱን ነካ አደረገ፤ ከዚያ በግቢው የቆሙት መኪናዎች ሁሉ ተከተሉት። እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ አበበ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ልወቅሳቸውም ላመሰግናቸውም አስቤ ነበር።

"ስንብቱ የእርስዎ ሐሳብ ነው፣ አይደል?" አልኳቸው።

"ጠዋት ሄጄ የቀበሌውን አዳራሽ አስፈቅጄ ነበር" አሉ። "ሸህ ኑሩ ግን 'ጀናዛ ለማሳያ አይቀመጥም፤ ዙህር ሰግደን እናነሣዋለን' አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ተመለስኩ። ኋላ ሙሄ ማታ አባትሽ ያለውን ነገራቸው። ያን የአፉን ነገር። ሸሁ ምን አሉ መሰለሽ? 'ሁልጊዜ ሕዝቡን አፉ የምናሰኘው በጅምላ ነው። ሰይድ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲጭን የኖረ ነው። ዛሬ አንድ በአንድ እንጠይቅለት' አሉ። አዳራሹ ይሁን ስላቸው 'የለም፣ እሱ ሰው የሚጠብቀው መናኸሪያ ነው' አሉኝ።"

"እና ሰልፉ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላለቀም?"

ጋሽ አበበ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጣታቸው አዞሩት።

"ለዙህር አልቋል እኮ፣ ልጄ" አሉ። "ሰው ሁሉ ተሰናብቶ ጨርሶ ሸሁን ማየት ጀመረ። ሸህ ኑሩ በደሴ በኩል ያለውን መንገድ አዩ፤ አንቺ የለሽም። ከዚያ 'ቆዩ፣ አንድ ሰው ቀርቷል' አሉ። ማንም አልጠየቀም። ፊት የነበረው ሰው ሄዶ ከሰልፉ ጭራ ቆመ።"

"እኔ ሦስቴ ነው የተሰለፍኩት" አሉ ጋሽ አበበ። "የመጀመሪያው በደል እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ከሰው ፊት ተቆጥቶኛል። ሁለተኛው እንኳ ግማሹ እውነት ነው። ሦስተኛውን ፈጠርኩት። ዳማ ስንጫወት ያጭበረብረኛል፣ አፉ ብየዋለሁ አልኩ።"

"አባየ ዳማ አይችልም'ኮ።"

"ለዚህ ነዋ ፈጠርኩት ያልኩሽ። ሸህ ኑሩም ያውቃሉ። ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ።"

ሳቅን። ድንኳን ውስጥ መሳቅ ነውር ነው፤ ሁለታችንም አፋችንን በነጠላና በባርኔጣ ሸፍነን ሳቅን፤ ከዚያ እሳቸው ቀድመው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የትልልቅ ሰዎች ስንብት ሲታይ ሥራዬን አቁሜ አያለሁ። ባንዲራ የለበሰውን ሣጥን፣ አበባውን፣ የክብር ዘቡን አይደለም የማየው። ሰልፉን ነው። ከመካከላቸው ለሁለተኛ ጊዜ የተሰለፈ ይኖር ይሆን እያልኩ ፊታቸውን አያለሁ።

በእኔ ላይ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ትዕግሥት እንኳ አላገኘሁም። ሻይ አሁንም ያቃጥለኛል። ግን ሱቄ የሚመጡ እናቶች፣ ልጃቸው ጅዳ ወይም ቤሩት ያለች፣ "አባቷ ሞቷል፣ ምን ብለን እንደብቃት?" ብለው ሲያማክሩኝ "ንገሯት" እላለሁ። የሚቆጣኝ አለ፣ ጨካኝ ያለችኝም አለች። ቢሆንም እላለሁ። አባቴ የደበቀኝ ስለወደደኝ ነው፤ ይህን ዛሬ በሙሉ ልቤ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ብርድ ልብሱ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው።

እናንተም በልባችሁ ብቻ ይቅር ያላችሁት ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። እኔ የደረስኩት መንገዱ ስለቀናኝ አይደለም። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ፣ በማያውቀው በደል አባቴን ይቅር እያለ ስለጠበቀኝ ነው።